ስም ያልወጣላቸው የሌሊት ፍጥረታት፦ ስለ አዳዲስ የእሳት ራት ዝርያዎች መገኘትና መገለጽ የቀረበ ዳሰሳ

ከእንስሳት ሁሉ ቁጥራቸው የበዛው ነፍሳት እንደ ሆኑ፥ ከነፍሳትም መካከል ክንፋቸው በደቃቅ ቅርፊት የተሸፈነው የቢራቢሮና የእሳት ራት ነገድ ከታላላቆቹ አንዱ እንደ ሆነ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት በአንድ ቃል ይመሰክራሉ። እስከ ዛሬ ከዚህ ነገድ ስም ተሰጥቷቸው በመጽሐፍ የተጻፉት ዝርያዎች ወደ 160,000 ይደርሳሉ፤ ከእነዚህም ቀን የሚበሩትና ሰው ሁሉ የሚያደንቃቸው ቢራቢሮዎች 18,000 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ የቀሩት ሁሉ የእሳት ራቶች ናቸው። ገና ያልተሰየሙትን ጨምረው የሚገምቱ ሊቃውንት ደግሞ የነገዱ ጠቅላላ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ይናገራሉ። ግምቱ እውነት ከሆነ እንግዲህ የሰው ልጅ በስም የሚያውቀው ከሦስቱ አንዱን ያህል ብቻ ነው፤ የቀሩት በየጫካውና በየሸለቆው ተወልደው ይሞታሉ፥ ዘራቸውም ቢጠፋ መጥፋቱን የሚመዘግብ ማንም የለም።

በዚህ ዳሰሳ የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማንም ሳያውቃት በአንድ ደን ውስጥ ስትኖር የቆየች የእሳት ራት በምን መንገድ አልፋ፥ በማን እጅና በየትኛው ሥርዓት ወደ ዕውቀት መዝገብ ለመግባት ትበቃለች? ብዙ ሰው አዲስ ዝርያ ተገኘ ሲባል ሲሰማ በሐሳቡ የሚሥለው አንድ መንገደኛ ተራራ ወጥቶ፥ ከእርሱ በፊት ማንም ያላያትን ፍጥረት በመረብ ይዞ የተመለሰባትን ሰዓት ነው። ማየት ግን የሥራው መጀመሪያ፥ ከክፍሎቹም ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አንዲት የእሳት ራት አዲስ ዝርያ ለመባል የምትበቃው ቀድሞ ከታወቁት ዘመዶቿ ሁሉ ጋር ተነጻጽራ፥ ልዩነቷ በጽሑፍ ተገልጾ፥ ስም ወጥቶላት፥ ምስክር የሚሆነው አካሏም ለሚመጣው ትውልድ በተጠበቀ ስፍራ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ የዚህ ዕውቀት ዕጣ የተመሠረተው ከአዳኙ ዕድል ይልቅ በአነጻጻሪው ትዕግሥትና በጠባቂው ታማኝነት ላይ ነው የሚለው የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የሥራው ታሪክ ሲተረክ ከብዙዎቹ ወንዶች ሊቃውንት አስቀድሞ መነሣት የሚገባው የአንዲት ሴት ስም ነው። በጀርመን አገር የተወለዱት ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ገና በ13 ዓመት ዕድሜያቸው የሐር ትል እያሳደጉ መለዋወጧን መከታተል ጀመሩ፤ በ1699ም ከልጃቸው ጋር ባሕር ተሻግረው በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ወደ ሱሪናም ሄዱ። እስከ 1701 በዚያ ተቀምጠው፥ አባጨጓሬውን ከሚመገበው ተክል ጋር፥ ሙሽሬውንም ከውስጡ ከሚወጣው ክንፋም ጋር አዛምደው የሣሉበትን ታላቅ መጽሐፍ በ1705 አሳተሙ። ትል ከጭቃና ከብስባሽ እንዲሁ ይፈጠራል የሚለው የጥንት አስተሳሰብ ገና ከብዙዎች ልቡና ባልወጣበት በዚያ ዘመን፥ የአንዱን ፍጥረት ሕይወት ከእንቍላል እስከ ክንፍ በአንድ ገጽ ላይ ማሳየት ለኋለኞቹ ሊቃውንት የመሠረት ድንጋይ ሆነ።

ከእርሳቸው በኋላ የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1758 ባወጡት የሥርዓተ ተፈጥሮ መጽሐፍ 10ኛ እትም፥ ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ቃላት ያሉት የላቲን ስም የመስጠትን ሥርዓት አጸኑ፤ የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፥ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ሐር የምታስገኘው የእሳት ራት፥ በደረቷ ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያላትና በሌሊት ወደ ንብ ቀፎ ገብታ ማር የምትሰርቀው ታላቋ የእሳት ራት፥ ሰም የሚበላው የቀፎ ብልም ስማቸውን ያገኙት በዚህ መጽሐፍ ነው። ያች ዓመት በእንስሳት ስያሜ ሁሉ የዘመን መለወጫ ሆና ስለምትቈጠር፥ ከእርሷ በፊት የተሰጠ ስም ዛሬ ሕጋዊ ሥልጣን የለውም።

19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የመከማቸት ዘመን ነበር። ከቅኝ ግዛቶች በመርከብ የሚመጡት ሣጥኖች በለንደን፥ በፓሪስና በበርሊን ቤተ መዘክሮች ሲከመሩ፥ የብሪታንያው ቤተ መዘክር ሠራተኛ ፍራንሲስ ዎከር በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ነፍሳትን በችኰላ ሰየሙ፤ ከችኰላቸውም የተነሣ አንዱን ዝርያ ሁለትና ሦስት ጊዜ በልዩ ልዩ ስም የጠሩበት ቦታ ጥቂት አይደለም። የትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ኤድዋርድ ሜይሪክ በበኩላቸው ከ14,000 በላይ ጥቃቅን የእሳት ራቶችን ገለጹ፤ ነገር ግን የውስጥ አካልን መመርመር ስላልወደዱ በክንፍ መልክና በክንፍ ጅማት ብቻ ተመሩ። በተቃራኒው ዋልተር ሮትሽልድና ካርል ዮርዳን በእንግሊዝ አገር በትሪንግ ቤተ መዘክር ተቀምጠው፥ እጅግ ብዙ ናሙና በማሰባሰብና በጥንቃቄ በማነጻጸር፥ ስለ አንድ የእሳት ራት ቤተሰብ በ1903 ያወጡት ታላቅ ድርሳን ለሚቀጥለው ዘመን የአሠራር መምህር ሆነ።

በዚያው በ1903 ድርሳን ውስጥ ስለ ማዳጋስካር የእሳት ራት የተጻፈው ቃል በዚህ ዕውቀት ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 ከማዳጋስካር የመጣ ነጭ የኦርኪድ አበባ ደርሷቸው ሲመለከቱ፥ ጣፋጩ ፈሳሽ የሚገኘው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቀጭን ቱቦ መጨረሻ ላይ ሆኖ አገኙት፤ ከዚህም ተነሥተው ይህን ያህል ርዝመት ያለው ምላስ ያላት የእሳት ራት በዚያ ደሴት ልትኖር ይገባል ብለው ጻፉ። አልፍሬድ ራስል ዋላስም በ1867 ሐሳቡን አጽንተው፥ ወደ ማዳጋስካር የሚሄዱ ተመራማሪዎች ይህችን ፍጥረት በተስፋ እንዲፈልጓት አሳሰቡ። ዳርዊን ካረፉ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ሮትሽልድና ዮርዳን ከደሴቲቱ የመጡትን ናሙናዎች መርምረው፥ የተተነበየች የሚል ትርጓሜ ያለውን ስም ሰጧት። ይሁን እንጂ በዋናው የአፍሪካ ምድር የምትገኘውና ዎከር ቀድመው የሰየሟት ዘመዷ ንዑስ ዝርያ አድርገው ስለ ቈጠሯት፥ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ የታወጀው በ2021 ነው። የሁለቱ አካልና የዘር ቅንጣት (ዲኤንኤ) ተመርምሮ ልዩነታቸው እስኪረጋገጥ ድረስ ከትንቢቱ 159 ዓመት፥ ከስያሜውም 118 ዓመት አልፏል። ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ፍጥረት ታውቋል የሚባልበት ሰዓት አንድ ብቻ እንዳልሆነ፥ ዕውቀቱም በየትውልዱ እየተጣራ እንደሚሄድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ሥርዓት እንመለስ። የእሳት ራትን ለመሰብሰብ ከሁሉ የተለመደው ዘዴ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ነጭ ሸማ ዘርግቶ፥ በፊቱ የሜርኩሪ ወይም ሐምራዊ ዘለል ጨረር የሚሰጥ መብራት ማብራት ነው፤ ሞቅ ያለ፥ ደመና የሸፈነውና ነፋስ የሌለበት ሌሊት ከሁሉ ይመረጣል። ሁሉ ግን ወደ ብርሃን አይመጣም። ቀን የሚበሩና ተርብ የሚመስሉ ወገኖች አሉ፤ እነዚህን የሚስበው ከሴቲቱ ሽታ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ የተቀመመ ማጥመጃ ነው። ክንፏ ተዘርግቶ ከሦስትና ከአራት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፥ አባጨጓሬዋም በቅጠል ሽፋንና ሽፋን መካከል መንገድ እየቦረቦረ የሚኖር ወገን አለ፤ ይህን የሚሻ ሰው ቅጠሉን ከነነዋሪው ሰብስቦ እስኪፈለፈል በትዕግሥት ይጠብቃል። አባጨጓሬን በተክሉ ላይ አሳድጎ ወደ ክንፋምነት ማድረስ ከሁሉ የደከመ፥ ከሁሉም የበለጠ ፍሬ የሚሰጥ መንገድ ነው፤ የመብራቱ ናሙና ፍጥረቷ እንዳለች ብቻ ሲያሳውቅ፥ ያደገው ናሙና ምን እንደምትበላና እንዴት እንደምትኖርም ይናገራልና።

የተያዘችው የእሳት ራት በስፒል ተወግታ፥ ክንፎቿ በማድረቂያ ሰሌዳ ላይ ተዘርግተው ከደረቁ በኋላ ትንሽ ወረቀት ይታከልላታል፤ በወረቀቱ ላይ የተያዘችበት ስፍራ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ፥ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። ይህች ወረቀት ከናሙናው ጋር እኩል ዋጋ አላት፤ ያለ እርሷ ናሙናው ለዐይን ያማረ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ እውነተኛው ምርመራ ይጀምራል። በመልክ ፈጽሞ የሚመሳሰሉ ዝርያዎች ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ መርማሪው የሆዷን ጫፍ ቈርጦ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ ያቀልጣል፤ ሥጋው ሲሟሟ ጠንካራው የመራቢያ አካል ብቻውን ይቀራል፥ በማጉያ መነጽርም ሥር ቅርጹ ከታወቁት ዝርያዎች ሁሉ ቅርጽ ጋር ይነጻጸራል። አንድ እግሯም ለዘር ቅንጣት ምርመራ ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ የሚቀረው ሥራ ከሁሉ ይረዝማል፤ በሁለት መቶ ሰባ ዓመት ውስጥ በላቲን፥ በጀርመንኛ፥ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ስለ ወገኑ የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ፥ ይህች ፍጥረት በእርግጥ ስም ያልወጣላት መሆኗን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስያሜውን የሚገዛው ሕግ በ1895 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን እጅ ነው። ሕጉ የቀደመ ስም ይጸናል ይላል፤ ከ1930 በኋላ የወጣ ስም ዝርያው በምን እንደሚለይ የሚናገር መግለጫ ሊኖረው ይገባል፤ ከ1999 በኋላ ደግሞ ሰያሚው አንዲቱን ናሙና በግልጽ ለይቶ የስሙ ተሸካሚ ማድረግና የምትቀመጥበትን ስፍራ ማስታወቅ ግዴታው ሆኗል። ይህችን ናሙና ሊቃውንቱ ሆሎታይፕ ይሏታል፤ እኛም በአገራችን ቋንቋ የአብነት ናሙና ብንላት የሚገባት ነው። በገዳማቱ ቤተ መጻሕፍት የሚጠበቀው የአብነት መጽሐፍ ቅጂዎቹ ሁሉ በስሕተት ቢበከሉ የሚታረሙበት እንደ ሆነ ሁሉ፥ የአብነት ናሙናዋም መግለጫው ቢደክም፥ ሥዕሉ ቢሳሳት፥ ሰያሚው ቢሞት፥ ስሙ የማን እንደ ሆነ የምትመሰክር እርሷ ናት። የሜይሪክ ሥራ የዳነው በዚህ ነው፤ የአሜሪካዊው ሊቅ የጌትስ ክላርክ ስምንት ቅጽ ያለው ሥራ ከ1955 እስከ 1970 በለንደን የሚጠበቁትን የሜይሪክ የአብነት ናሙናዎች የውስጥ አካል ጭምር መርምሮ ሲያወጣ፥ በአጭርና በደረቅ ቃል የተጻፉት የጥንት መግለጫዎች እንደገና የሚያገለግሉ ሆኑ። ናሙናዎቹ በእሳት ወይም በምስጥ ጠፍተው ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ስሞች ባለቤት የሌላቸው ባዶ ቃላት በሆኑ ነበር።

በዘመናችን ከሁሉ ይልቅ ክርክር ያስነሣው የዘር ቅንጣት መለያ ነው። በካናዳ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቻቸው በ2003 ከአንድ ዘረመል የተወሰደች አጭር ክፍል የእንስሳትን ዝርያ ለመለየት እንደምትበቃ አስታወቁ። በዓመቱ፥ በኮስታ ሪካ ጓናካስቴ በተባለው የተጠበቀ ደን አባጨጓሬዎችን ለብዙ ዓመታት ካሳደጉት ከዳንኤል ጃንዘንና ከዊኒ ሃልዋክስ ጋር ሆነው፥ ለእሳት ራቶች የቅርብ ዘመድ የሆነችና ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አንዲት ተብላ የኖረች ቢራቢሮ ዐሥር ዝርያዎችን በአንድ ስም ሸፍና መኖሯን አሳተሙ። ነገሩ በዚህ አልተቋጨም፤ አንድሩ ብራወር በ2006 ያንኑ መረጃ መርምረው፥ ማስረጃው የሚደግፈው ከሦስት ያላነሱ፥ ከሰባትም ያልበለጡ ዝርያዎችን ነው ሲሉ ተቃወሙ። ዐሥሩም ለዓመታት ያለ ሕጋዊ ስም ቈይተው፥ በመጨረሻ በ2010 ስም ያወጡላቸው እኒሁ ተቃዋሚ ሊቅ ሆኑ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። መለያው ዐይን የማያየውን ልዩነት ይገልጣል፥ አባጨጓሬን ከክንፋም እናቷ፥ ወንዱን መልኳ ፈጽሞ ከማይመስለው ሴት ጋር ያዛምዳል፥ ሥራውንም እጅግ ያፋጥናል። ነገር ግን ከአንድ ዘረመል የተገኘ ልዩነት በራሱ የዝርያ ወሰን አይደለም፤ ምልክት ሰጥቶ ወደ ጥልቅ ምርመራ የሚመራ ነው። አካሉ፥ የሚበላው ተክል፥ የሚኖርበት ስፍራና የዘር ቅንጣቱ በአንድነት ሲመሰክሩ ፍርዱ የጸና ይሆናል፤ አንዱ ምስክር ብቻውን ሲቆም ግን ፍርዱ ለነገ ይቈይ ማለት የተሻለ ነው።

አዲስ ዝርያ የሚገኘው በሩቅ የምድር ወገብ ደን ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም መታረም ይገባዋል። በአውስትራሊያ ካንጋሩ ደሴት የተገኘችው ደቃቅ የእሳት ራት በ2015 ስትገለጽ፥ ዝርያዋ ብቻ ሳይሆን ወገኗና ቤተሰቧም አዲስ ሆኖ ተገኘ፤ ከጥንታውያኑ የነገዱ ቅርንጫፎች የአንዱ ቅሪት ስለ ሆነች የክንፋሞቹን የመጀመሪያ ታሪክ ለማጥናት ታላቅ ምስክር ሆናለች። ከአራት ዓመት በኋላ በተነሣው የሰደድ እሳት የዚያ ደሴት ግማሽ ያህል ሲቃጠል፥ ስሟና መኖሪያዋ ቀድሞ መመዝገቡ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግልጽ ሆነ። በሃዋይ ደሴቶች ደግሞ አባጨጓሬዋ ቀንድ አውጣን በሐር ክር ጠፍራ የምትበላ የእሳት ራት በ2005 ተገልጻለች፤ አባጨጓሬ ሁሉ ቅጠል በል ነው ለሚለው ልማዳዊ አስተሳሰብ ይህ ብርቱ መልስ ነው። በዌልስ አገር በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሲበር የተገኘ የእሳት ራትም አለ፤ የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሊቃውንት ሲመረምሩት ከጉያና ደን በጫማ ቦርሳ ውስጥ ከዛፍ ፍሬ ስባሪ ጋር ተጕዞ የመጣና በትውልድ አገሩ እንኳ ስም ያልነበረው ዝርያ ሆኖ ተገኘ፥ በ2024ም ተሰየመ።

እንግዲህ ሥራውን የሚያዘገየው ምንድን ነው? በ2012 የታተመ የፈረንሳይ ሊቃውንት ጥናት እንዳሳየው፥ በሕያዋን ፍጥረታት ሁሉ አንድ አዲስ ዝርያ ከተሰበሰበበት ቀን እስከ ተገለጸበት ቀን በአማካይ 21 ዓመት ያህል በቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ ይቈያል። ናሙናው አለ፤ የጐደለው የሚመረምረው ሰው ነው። ዕውቀቱ ረጅም ልምድ ይጠይቃል፥ ዋጋው ግን በፍጥነት አይታይምና ወጣቱ ወደ ሌላ ሙያ ይሄዳል፤ አረጋዊው ሊቅ ሲያርፍ የወገኑን ነገር ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ደን በሚመነጠርበት ዘመን ይህ መዘግየት እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። በጃማይካ ደሴት ቀን ትበር የነበረችው፥ ጥቍር ክንፏ በቀይ፥ በሰማያዊና በአረንጓዴ ያሸበረቀው የእሳት ራት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጠፍታለች፤ መጥፋቷን ያወቅነው ቀድሞ ስም ስለ ነበራት ነው።

ስያሜ ለሊቃውንት መደሰቻ ብቻ የሚሆን የሚመስለው ሰው ቢኖር የበቆሎን ማሳ ይመልከት። በ2016 ከአሜሪካ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ገብቶ በ2017 አገራችን የደረሰው የአሜሪካ መጤ ተምች የበቆሎ ገበሬውን ባስደነገጠ ጊዜ፥ ጠላቱ ማን እንደ ሆነ ለመለየት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በአሜሪካ በጆርጂያ ምድር ይኖሩ የነበሩት ጆን አቦት ይህን ተምች በትጋት ሥለውት፥ እንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ በ1797 ሰይመውት ነበርና። ስሙ ስለ ታወቀም በሁለት መቶ ሃያ ዓመት ውስጥ ስለ አመጋገቡ፥ ስለ ፍልሰቱና ስለ ጠላቶቹ የተጻፈው ሁሉ ወዲያው ለአፍሪካ ገበሬ መድረስ ቻለ። አገር በቀሉን ተምች ዎከር የሰየሙት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የመጤው አባጨጓሬ ከእርሱ የሚለየው በራሱ ላይ ባለው የተገለበጠ ዋይ በሚመስል መስመርና በጅራቱ አጠገብ አራት ማዕዘን ሠርተው በተቀመጡ አራት ጥቍር ነጠብጣቦች ነው፤ ይህን ያህሉን ዝርዝር የተማረ የግብርና ባለሙያ የትኛው ተምች ማሳውን እንደ ወረረ ለገበሬው ወዲያው ይነግረዋል።

የኢትዮጵያ የእሳት ራቶች ነገር በዚህ ዳሰሳ መጨረሻ የሚነሣው ተገቢ ምክንያት ስላለው ነው። በ1904 እና በ1905 በአገራችንና በምሥራቅ አፍሪካ የተጓዘው የባሮን ሞሪስ ደ ሮትሽልድ ጉዞ፥ በኋላም ከ1973 እስከ 1975 ፈረንሳዊው ሊቅ ፒዬር ክሎድ ሩዦ ያደረጓቸው የነፍሳት ጥናት ጉዞዎች ከደጋውና ከደኑ የሰበሰቧቸው ናሙናዎች በፈረንሳይ ሊቃውንት ተመርምረው ታትመዋል፤ ለዚህም ድካም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የብዙዎቹ የአብነት ናሙና የሚገኘው በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ስለ ሆነ፥ የአገሩን የእሳት ራት ለመለየት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ባሕር መሻገር ወይም ፎቶግራፍ መለመን አለበት። በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የአገሪቱ የዘር ሀብት ከልክ ካለፈ ብዝበዛ እንዲጠበቅ ሥርዓት አበጅቷል፤ አዋጅ ግን ናሙና አይመረምርም፥ መግለጫም አይጽፍም። ይህን የሚያደርገው የሠለጠነ ሰውና በሚገባ የተያዘ ስብስብ ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የምናቀርበው ልመና ሦስት ነገር ይይዛል። አንደኛ፥ በአራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ቤተ መዘክር የነፍሳት ስብስብ ከእርጥበትና ከምስጥ ተጠብቆ፥ የአገር የአብነት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ስፍራ ይሁን። ሁለተኛ፥ የውጭ አገር ተመራማሪ በመጣ ጊዜ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከጎኑ ተቀምጦ ማነጻጸርንና መግለጽን ይማር፤ ከሚሰበሰቡትም የአብነት ናሙናዎች ድርሻ በአገር ይቅር። ሦስተኛ፥ በየትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራን ልጆች አባጨጓሬ እንዲያሳድጉ፥ የበላውን ቅጠልና የተፈለፈለበትን ቀን እንዲጽፉ ያስተምሯቸው፤ ሜሪያን የጀመሩት በ13 ዓመታቸው ነውና የእኛም ልጆች ለዚህ ሥራ አያንሱም። ስም ያልወጣላቸው የእሳት ራቶች በአገራችን ደኖች ዛሬም አሉ፤ እነርሱን በአገራቸው ቤተ መዘክር በአገራቸው ልጅ እጅ መግለጽ የዚህ ትውልድ ዕዳ ነው፥ ዕዳውም ደኑ ሳያልቅ መከፈል አለበት።